«ቀርቷል» ብላ የዞረችው ሴት

እስቲ ያንን ጫካ እዩት። ዳገቱን ሙሉ የያዘውን፣ ከሥሩ ቤቶች ተጠጋግተው የተለጠፉበትን። ከሩቅ ለምለም ነው፤ ፎቶ አንሱኝ ይላል። ጠጋ ብላችሁ መሬቱን እዩት እንጂ። የረገፈ ቅጠል፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ የደረቀ ቁጥቋጦ እስከ ጉልበት ተከምሯል። በበጋ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። ለዚህ ነው በየዓመቱ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ነፋሱ ልክ ሲሆን፣ በሰው እጅ ቦታ ቦታ እየተከፈለ የሚቃጠለው። ትንሹ እሳት ትልቁን ያስቀራል። ይህን የሚቃወም ሰው ካለ፣ ትልቁ እሳት የላይኛውን መንገድ ቤቶች ጠራርጎ ሲበላ ያላየ ነው።

ግን እሳት ጭስ አለው፤ ጭስም ሳንባ ይገባል። ስብሰባ ላይ ይህ ነገር በየጊዜው እንደ አዲስ ይነሳል፤ ውሃ ይጠጣበታል፤ ይበተናል። ከስብሰባው ተርፎ ወደ ሰዎቹ በር የሚደርሰው አንዲት ሴት በእግሯ ይዛው የምትዞረው ብቻ ነው።

የደን ጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ ናት። እሳት ሊለኮስ ሲል በዋዜማው ከጫካው በታች ያለውን ሰፈር ቤት ለቤት ታንኳኳለች። «ነገ ይቃጠላል። መስኮት ዝጉ፤ ልብስ አታስጡ፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይውረድ፤ አየር ማጣሪያው ተከፍቷል» ትላለች። ልጆቹ «እትዬ ጭስ» የሚል ስም አውጥተውላታል። መጀመሪያ ተቆጣች፤ በኋላ እሷም ስታንኳኳ «ማነው?» ሲሏት «ጭስ ናት» ማለት ጀመረች።

ከሁሉም በር አስቀድማ የምትሄደው ወደ ጡረተኛው ሾፌር ቤት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የናፍጣ ጭስ የጠጣ ሳንባ ነው ያለው፤ የአስም መተንፈሻ ፓፉን ከኪሱ አይለይም።

«ነገ ነው አባባ።»

«ሲጋራ ያቆምኩት በከንቱ ነው በይኛ።»

«ይልቅ ሻንጣዎን ያዘጋጁ፤ ልጅዎ መጥታ ታውርድዎት።»

«አንቺ ካልሽ እሺ። ሌላ ሰው ቢለኝ ከወንበሬ አልነሳም።»

እንዲህ ነበር ነገሩ። ሰፈሩ የጽሕፈት ቤቱን ማስታወቂያ አያነብም፤ እሷን ነው የሚሰማው።

የእሳት ቡድኑ አለቃ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ትታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገችው። ሥራውን ሲይዝ ከሱ ይልቅ እሷ ነበረች ያለቀሰችው።

ባለፈው ዓመት እንደልማዷ ጠዋት ሰፈሩን ዞራ ገባች። ከሰዓት ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው።

«እታለም፣ የነገው ቀርቷል። ነፋሱ አልተመቸም።»

«ዞሬ ጨርሼ እኮ ነው አንተ ልጅ። ጉልበቴን ምን አደረግከው?»

«ይቅርታ በቃ። ሰው እንዳይጉላላ ንገሪልኝ።»

እንዳይጉላላ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። እሷም ሰው እንዳይጉላላ ብላ፣ እግሯን እየጎተተች እንደገና ዳገቱን ወጣች። በየበሩ «ቀርቷል፤ ተረጋጉ» አለች። ሾፌሩ በር ላይ ቁጭ ብሎ ልጁን ይጠብቅ ነበር፤ ሻንጣው እግሩ ሥር።

«ተገላገልን?» አላት።

«ተገላገልን አባባ። ይግቡና ይረፉ።»

በማግስቱ ጠዋት ጫካው ነደደ። ጭሱ ወደ ላይ አልወጣም፤ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሰፈሩ ላይ ወረደ። መስኮቶች ክፍት ነበሩ። ልብስ ተሰጥቶ ነበር። እሷ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሮጣ ስትደርስ፣ የሾፌሩ ልጅ አባቷን ደግፋ ወደ ደጅ ለማውጣት ትታገላለች፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ፓፉ ባዶውን ሲስ ይላል። ሁለቱ ተሸክመው መኪና ውስጥ አስገቡት። ልጅቷ በሩን ከመዝጋቷ በፊት አየቻት።

«እትዬ፣ ቀርቷል አላልሽንም?»

እሷ በቀጥታ ወንድሟ ጋ ሄደች። ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቡት ጫማውን በጎማ ውሃ ያጥባል።

«ቀርቷል ብለኸኝ አልነበረም?»

«እታለም ተይኝ ዛሬ።»

«አልተውህም።»

ውሃውን ዘጋ። «አንቺ ስትናገሪ ሰው መደወል ጀመረ። ስልኩ አላርፍ አለ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፈራ፤ ስሞታው ካላቆመ የማቃጠያ ፈቃዱን አልፈርምም አለኝ። አምና እንዲህ እያለ ሳናቃጥል ቀረን። ዘንድሮም ቢቀር በበጋው ሰፈሩ ራሱ ነው የሚነደው። ያኔ ማንን ሳንባህ እንዴት ነው ትይዋለሽ?»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ነፋሱ ወደ ሰፈሩ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

ጎማውን ጠቀለለ። ከዚያ «ቀላል ነፋስ ነው ብዬ ነው» አለ።

«ታዲያ ዝም አትለኝም ነበር? ለምን እኔን ላክኸኝ?»

«ሌላ ሰው ቢነግራቸው አያምኑማ።»

እዚህ ላይ ነው የኔ ደም የሚፈላው። ሰውየው ስለ ጫካው ልክ ነው። ቀኑ ሲገኝ መቃጠል አለበት። ነገር ግን የሚያቃጥል ሰው አስቀድሞ ይናገራል፤ ስሞታ ከመጣ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ነፋሱ እምቢ ካለ ችቦውን ያስቀምጣል። እሱ ያደረገው ሌላ ነው፦ ስልኩን ጸጥ ለማሰኘት ያሳደገችውን ሴት አፍ ተጠቀመ። «አፌን ነው የሰረቅከኝ» አለችውና ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው አስጠርቶ «ነፋሱ ድንገት ዞረ በያቸው፤ አንቺን ይሰማሉ» አላት። እሷ ግን እንደ ድሮው ቤት ለቤት ዞራ እውነቱን ተናገረች፦ እንደማይቀር የሚያውቁ ሰዎች ቀርቷል አስባሉኝ፤ ወንድሜም አለበት። አንዳንዱ ሰምቶ በሩን ዘጋ። አንዳንዱ «ወንድምና እህት ተመካክራችሁ ነው» አላት። ሆስፒታል ስትሄድ ሾፌሩ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶለት ተኝቷል። ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ። ቀልድ አልነበረውም።

«አንቺን ብዬ ነው ሻንጣዬን የፈታሁት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወንድሟ ዛሬም የቡድኑ አለቃ ነው። እሷንም አላባረሯትም፤ የሚዞርላቸው ሌላ ሰው የለማ። አሁን ከመነገሩ በፊት ራሷ ዳገቱ አፋፍ ወጥታ ቆማ ነፋሱን ፊቷ ላይ ታየዋለች። ወደ ሰፈሩ ሆኖ እያለ ሊያቃጥሉ ከተነሱ፣ በማግስቱ ችቦ የያዙት መሐል ገብታ ትቆማለች፤ ወንድሟ «ውረጂ» ቢላት አትሰማም። ነፋሱ ልክ ከሆነ ደግሞ ወርዳ ታንኳኳለች። «ነገ ይቃጠላል» ትላለች። ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ሰው ሲሳል ይሰማል። የሚከፍት የለም።

አለማመናችሁ መብታችሁ ነው፤ ያስለመዷችሁ እነሱ ናቸው። ጽሕፈት ቤቱን አትመኑ፤ ወንድሟን አትመኑ፤ ደውሉ፣ ስሞታችሁን አቅርቡ፣ ነፋሱ ወዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ግን ከጫካ በታች የምትኖሩ ከሆነና ቤታችሁ ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ፣ እባካችሁ በሩን ክፈቱላት።