ያልጠቆረው ፕላስተር

ሥራ የጀመርኩት በሁለት ሺህ ሰባት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ነበር። ሆስፒታሉን በስም አልጠራም፤ ትልቅ ነው፣ ከአምቦ በሚኒባስ ነበር የምመላለሰው። የተቀጠርኩት በጽዳት ነው። የመጀመሪያ ቀን ግን የማምከኛ ክፍል ሰው ጎድሎት ስለነበር መወልወያዬን እንኳ ሳላርስ ወደዚያ ላኩኝ፤ በዚያው ቀረሁ።

ማምከኛ ማለት የቀዶ ጥገና መቀስና ጨርቅ በእንፋሎት ከጀርም የሚጸዳበት ክፍል ነው። ማሽኑ አውቶክሌቭ ይባላል፤ ቁመቱ እኔን ያህላል። ክፍሉን ለሃያ ዓመት የያዙት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። የማሽኑን በር ሲከፍቱት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝና ወደ ኋላ ዘለልኩ። እትዬ ሳቁብኝ።

«ይሄ ማሽን እንደ አማት ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። «ሲጮህ አትሽሺ። ዝም ሲል ነው የምትፈሪው።»

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የማሽኑን መመሪያ የተማርኩት የወሊድ ክፍል ነርስ የሆነችው ሲስተር ለሊሴ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየፈታችልኝ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ትልና «አካም ጅርቱ አዴ የሺ፣ ዛሬ ስንተኛው ገጽ ላይ ነን?» ትለኛለች፤ «አዴ» በኦሮምኛ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እትዬ ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ለእኔ ሆነ።

አንድ ልማድ ነበረኝ። በየጥቅሉ ላይ የምንለጥፈው ፕላስተር አለ፤ እንፋሎቱ በደንብ ካገኘው ነጣ ያለው መስመር ይጠቁራል። እኔ ከየዙሩ አንዱን ፕላስተር ልጬ በተማሪ ደብተር ላይ እለጥፍና ቀኑን እጽፍበታለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ብዙ ያልተማረ ሰው የሠራውን መልሶ ማየት ይወዳል።

በኋላ የመጡት አስተዳዳሪ ኦቦ ገመቹ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። ችግር መስማት ግን አይወዱም። በሰኞ ስብሰባ ላይ ጓንት አለቀ ያለ፣ ተረኛ አነሰን ያለ፣ «የአመለካከት ችግር አለበት» ይባላል። ያ ስም አንዴ ከተለጠፈበት እድገትም ሥልጠናም ያልፈዋል። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደጋግሞ ተናገረና ወደ ቆላው ባኮ ተዛወረ። እኛም «ብርዱን ፈርቶ ነው» እያልን ቀለድንበት። እየሳቅን ተማርን። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚያጉረመርመው ሻይ ክበብ ብቻ ሆነ፤ ስብሰባ ላይ ሁሉም ጫማውን ያያል።

ስብሰባው ሌላም ልማድ ነበረው። ገና ስንገባ ባዶ ወረቀት ይዞራል፤ ስምና ፊርማ። ቃለ ጉባኤው በኋላ ይጻፍና ፊርማችን ከበስተኋላው ይያያዛል። ምን ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔማ ፊርማዬን ያሳመርኩ ሰሞን ስለነበር ደስ እያለኝ ነበር የምፈርመው።

አንድ ክረምት የማሽኑ በር ጎማ አረጀ። እንፋሎቱ በጎን ያመልጣል፤ አንዳንዱ ፕላስተር ግማሹ ሳይጠቁር ይወጣል። ሰኞ ተነሥቼ ተናገርኩ። በሚቀጥለውም ሰኞ ተናገርኩ። ኦቦ ገመቹ «ገምጋሚ ሊመጣብን ነው የሺ፣ ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። በሦስተኛው ሰኞ እኔም ጫማዬን አየሁ።

ያልጠቆረውን መልሼ ማሽኑ ውስጥ እቀቅል ነበር። ግን ከቀዶ ጥገና ክፍል «እናት ተኝታ እየጠበቀች ነው» ብለው ሲያጣድፉኝ፣ አንዳንድ ቀን ግማሹ የጠቆረውን ሰጥቻለሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል።

መስከረም ላይ በቀዶ ጥገና የወለዱ ሦስት እናቶች ቁስላቸው አመረቀዘ። ሁለቱ ቶሎ ዳኑ፤ አንደኛዋ ሁለት ወር ተኛች። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቁስሉን ያጠበው ማነው ብሎ ሲስተር ለሊሴ ላይ ደረሰ። በጥንቃቄ ጉድለት ከደረጃዋ ዝቅ ልትል ሆነ።

ለምስክርነት ስጠራ የበሩ ጎማ ነው አልኩ። ኦቦ ገመቹ ፋይሉን ገልጠው አዞሩልኝ። የሦስቱም ሰኞ ቃለ ጉባኤ «የማምከኛ ክፍሉ ያለ ችግር በመሥራት ላይ መሆኑ ተገልጿል» ይላል። ከበስተኋላው ያ ያሳመርኩት ፊርማዬ አለ።

«ያንቺ አይደለም?» አሉኝ።

«የእኔ ነው።»

ለሊሴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ስለ ደብተሩ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ስለጥፍ አይታኛለች። ላወጣው እንዳሰብኩ ከፊቴ አነበበችው።

«ይተዉት አዴ የሺ» አለችኝ። «እሱን ካወጡት እርስዎን ነው የሚይዙት። እኔ የትም ብሄድ ነርስ ነኝ። እርስዎ ከዚህ ከወጡ ማን ማሽን ይሰጥዎታል?»

እውነቷን ነው። የምስክር ወረቀት የለኝም፤ ሙያዬን የሚያውቀው ያ ክፍል ብቻ ነው። ማምከኛ ክፍሌ ገብቼ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠፍቶ ነበር፣ ጭጭ ብሎ። እትዬ ብዙነሽ ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ደብተሩን ወስጄ የኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ያልጠቆሩትን፣ መልሼ የቀቀልኳቸውን፣ ሳልቀቅል የሰጠኋቸውንም በጣቴ አሳየሁ። ከኮሚቴው አንዱ ሐኪም ቀኖቹን ከእናቶቹ ካርድ ጋር አስተያየና «ይገጥማል» ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

ኦቦ ገመቹ «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። የእውነት የረሱ ይመስለኛል።

«ሁለት ሰኞ ነግሬዎታለሁ» አልኩ። «ሦስተኛውን የተውኩት እኔ ነኝ።»

ጎማው በዚያው ሳምንት ተቀየረ። ለሊሴ ነጻ ወጣች፤ ግን አልቆየችም፣ በራሷ ጥያቄ ተዛወረች። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ልብስ ማጠቢያ ወረድኩ። ሁለት ወር የተኛችውን እናት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ያለችኝን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ማጠቢያ ክፍልም የሰኞ ስብሰባ ነበረው። ባዶው ወረቀት ሲደርሰኝ ለሚቀጥለው አሳልፋለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ አንብቤ እፈርማለሁ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ «ከእኛ ሁሉ አንቺ በለጥሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ የተጻፈውን ይዛልኝ ትመጣ ጀመር። ሥራውን ስለቅ ማክሰኞ የምንፈርመው ሰባት ሆነን ነበር።

ሥራ ለጀመራችሁ የምለው ይህን ነው። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የተናገራችሁትን ሌላው ካልጻፈው፣ በእጃችሁ ጻፉት።