የፖፖ ጋቢ

ወንድሙ የተባለውን ሰው ቁጭ በል ማለት ውሃን ሽቅብ ፍሰስ እንደማለት ነው። ባሕር ማዶ፣ ታከር በምትባል ከተማ ካለው ቤቱ ገና ሳይነጋ ይወጣና የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸውን ሕሙማን በቫን ወደ ክሊኒክ ሲያመላልስ ይውላል። ሲመለስ ደግሞ ወይ ደህናውን ቧንቧ ይፈታል፣ ወይ በወጉ የቆመውን መኪና አውጥቶ እንደገና ፓርክ ያደርጋል። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ሶፍያ "የሱ እግር ሞተር ነው፤ ማጥፊያው ጠፍቶበታል" ትላለች። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ችኩል ነው። ችኩልነቱ ግን እንደ ሰሞኑ ጉድ ሠርቶት አያውቅም።

ዛሬ እሑድ ቀትር ላይ ቡፎርድ ሃይዌይ ካለ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ደጃፍ ይንጎራደዳል። የፋርማሲ ባለሙያዋ ልጁ ሄራን፣ ኬቨን የሚባል እዚሁ የተወለደ ቻይናዊ ልታገባ ነው። ዛሬ ሙሽሮቹ ተንበርክከው፣ ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከታላቅ ጀምረው ለሁለቱም ቤተሰብ ሻይ ያቀርባሉ። መጀመሪያ የሚጠጡት የኬቨን አያት ናቸው። ፖፖ ይሏቸዋል፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። እሳቸው ሳይቀምሱ ማንም ስኒ አያነሳም። ፖፖ ደግሞ እስካሁን አልመጡም። ቢቀሩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወንድሙ ያውቃል።

ነገሩ የተበላሸው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። የኬቨን ቤተሰብ ለትውውቅ ምሳ ሲጠራቸው፣ ወንድሙ ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ ለአሮጊቷ ከሀገር ቤት ያስመጣውን ወፍራም ነጭ ጋቢ ይዞ ሄደ። ጫማ አውልቀው ገቡ፤ ሻይ ተቀዳ። ሰዎቹ ሻይ ሲቀዳላቸው ጠረጴዛውን በሁለት ጣት መታ መታ ያደርጋሉ፤ ምስጋናቸው ነው። የወንድሙ ጣቶች ደግሞ ጠረጴዛ ካገኙ አርፈው አያውቁም። የኬቨን እናት ባህላችንን አውቆ መጥቷል ብላ ተደስታ ደጋግማ ቀዳችለት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ከዚያ ስጦታውን ሰጠ። ፖፖ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ሳይከፍቱ አጠገባቸው አስቀመጡት። በእነሱ ዘንድ ሰጪው ፊት ስጦታ መክፈት መስገብገብ ነው። ወንድሙ ግን የናቁበት መሰለው። ብድግ ብሎ መጠቅለያውን ቀደደ፣ ጋቢውን ዘረጋና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው፤ ጫፉንም አስተካክሎ አለበሳቸው። የኬቨን እናት ማንቆርቆሪያውን እንዳነሳች ቀረች።

መኪና ውስጥ ሄራን እንባዋ እየመጣ "አባዬ፣ ዋይት እኮ ለፊውነራል ነው። ያውም ለሷ፣ ላይክ፣ ሙቺ እንዳልካት ነው" አለችው።

"ማን ነግሮኝ?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም አልነበረም። ወንድሙን ከሁሉ ያንገበገበው ደግሞ ሌላ ነው። የገዛ እናቱ ደሴ ሲያርፉ እሱ እዚህ መኖሪያ ፈቃድ እየጠበቀ ስለነበር ሄዶ አልገነዛቸውም። የራሱን እናት ሳይገንዝ የሰው እናት በቁማቸው ገነዘ። አፈረ፤ እህል አልወርድ አለው። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ቢል ሶፍያ "አንተ በሄድክ ቁጥር ነገር ይጨምራል፤ ተቀመጥ" አለችው። የት ይቀመጣል? ቀይ ለእነሱ የደስታ ቀለም መሆኑን ሰማና ሦስት ሱቅ ዞሮ ቀይ ብርድ ልብስ ገዛ።

አሁን ያንን ብርድ ልብስ ታቅፎ በሌላ እጁ የመኪና ቁልፉን ያቅጨለጭላል።

"የልጄን ሠርግ በገዛ እጄ አበላሸሁት" አላት ሶፍያን።

"መጀመሪያ ቁልፉን ተው" አለችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ወዲያው መኪና መጣ። ፖፖ የኬቨንን ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ወንድሙ ሮጦ ብርድ ልብሱን ሊሰጥ እጁን ሲዘረጋ፣ እሳቸው ቀድመው ቀይ ቦርሳ በሁለት እጃቸው ሰጡት። እዚያው ከፈተው። ጋቢው ነው፤ በሥርዓት ታጥፏል። የተመለሰ ስጦታ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ቻይና መወለድ አያስፈልግም።

ፖፖ በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩ። ኬቨን እስኪጨርሱ ጠብቆ በእንግሊዝኛ ተረጎመለት።

"መጀመሪያ ደንግጬ ነበር ይላሉ። በኋላ አሰብኩበት። በእኛ መንደር አዛውንት የመጨረሻ ልብሱ በቁሙ ይዘጋጅለታል፤ ዕድሜ ያረዝማል ይባላል። የሚያዘጋጅለት ግን የገዛ ልጁ ነው። እኔ ወንድ ልጅ የለኝም፤ ይህ ሰው ማንም ሳያዘው መጥቶ አለበሰኝ።" ኬቨን ቀጠለ። "አሁን ግን አልቸኩልም ይላሉ። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ቀኑ ሲደርስ ይዘው መጥተው እርስዎ ያልብሷቸው።"

ወንድሙ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ፖፖ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ከዚያም ቀዩን ብርድ ልብስ ከብብቱ መዝዘው ደረቡትና ወደ ውስጥ ገቡ።

ሻዩን መጀመሪያ ፖፖ ጠጡ። ሄራን ለአባቷ ስታቀርብ ስኒውን ተቀብሎ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ጣቶቹም አልተንቀሳቀሱም።

ወደ ቤት ሲመለሱ የነዳችው ሶፍያ ናት። ባሏ ጭን ላይ ያለውን ቦርሳ ገለጥ አድርጋ አየችና ደነገጠች።

"ጋቢውን መለሱት እንዴ?"

"አልመለሱትም" አለ ወንድሙ። "አደራ ሰጡኝ።"