ባንኮኒው ላይ ለመቀመጥ

ከኬንቲሽ ታውን

በፈረንጆቹ 1996፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከኬንቲሽ ታውን ተነስተን ወደ ዋይት ሲቲ ሄድን። ከአንድ የለንደን ሰፈር ወደ ሌላው መሄድ ደግሞ ጉዞ ተብሎ ይጻፋል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ጋሽ ታደሰን ይዞ ይሞክረው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አብረውኝ ይኖራሉ። ስልሳውን ካለፉ ቆይተዋል፤ ቀኝ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፤ ከካውንስሉ፣ ማለት ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የተከራየነው ፎቅ ሊፍት ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል። አቤት ብለን ብለን ሰልችቶናል።

የጉዞው ምክንያት ልጄ ሳራ ናት። ለንደን ተወልዳ ያደገች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ዋይት ሲቲ አጠገብ አዲስ ምግብ ቤት ተከፍቷል፣ ሁሉ ነገሩ የ1950ዎቹ አሜሪካ ነው አለችን። ጋሽ ታደሰ በወጣትነታቸው እርሻ ሊማሩ አሜሪካ ተልከው ጥቂት ዓመታት ኖረዋል። ይህን ሲሰሙ ጋዜጣቸውን አጥፈው አስቀመጡ።

"ባንኮኒ አለው? ሰው ተቀምጦ የሚበላበት?"

"የስ፣ አባባ። ረጅም ባንኮኒ፣ ቀይ ስቱል አለው። ሶ ኩል!"

"እንግዲያው ውሰዱኝ። ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ የፖም ፓይ የሚሉትን ኬክ ልብላ። ጠረጴዛ ግን አልፈልግም።"

ጋሽ ታደሰ ሐኪም ቤት እንኳ ውሰዱኝ ብለው አያውቁም፤ ጎትተን ነው የምንወስዳቸው። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ዓርብ ጾም ነውና ቅዳሜን መረጥን።

እኔም እንዲህ ያለ ቦታ አምረው ይሂዱ ብዬ ነጭ እጀ ጠባባቸውንና ነጠላቸውን ተኩሼ አልጋቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ሰርግ ሲጠሩ፣ ትልቅ ሰው ሲጋብዛቸው የሚለብሱት ነው። ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ።

"አንሺልኝ ይሄን!"

"ምነው ጋሼ? ያምርብዎታል እኮ!"

"ሌላ ቦታ እለብሰዋለሁ። እዚያ አልለብሰውም አልኩሽ!"

ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉብኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። አኮረፍኩ። እሳቸው ከሰፈራችን የአሮጌ ልብስ ሱቅ የገዙትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለበሱ፤ ቀጭን ክራባት አሰሩ፤ ቡናማ ባርኔጣቸውን ደፉ። ሳራ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሰፊ ጉርድ ለብሳ ፀጉሯን በሪባን አስራለች። ወርደን ስናበቃ ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸውን እያሹ ሊፍቱን በእንግሊዝኛ ሰደቡት።

ባቡር ውስጥ

የቀን ትኬት ቆርጠን በኖርዘርን መስመር ተሳፈርን። እንደ ልማዱ አርፍዶ ነው የመጣው። ቶተናም ኮርት ሮድ ወርደን፣ በተንቀሳቃሹ ደረጃና በየመተላለፊያው ከቅዳሜ ገበያተኛ ጋር ስንጋፋ ቆይተን ወደ ሴንትራል መስመር ተሻገርን። እዚያ ቦታ አገኘንና ተቀመጥን። እኔ ኩርፊያዬ አልለቀቀኝም ነበር።

"ልብሱ ግን ምን አደረገዎት?" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"ኮሌጁ ጥቁሩንም ነጩንም ያስተምራል። የከተማው ምግብ ቤት ግን ጥቁር አያስቀምጥም። ኧርል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ጓደኛ ነበረኝ፤ የምናድረው አንድ ክፍል ነው። የኮሌጁ አማካሪ ጠራኝና፣ የአገርህን ልብስ ልበስ፤ የውጭ አገር ሰው መሆንህን ሲያዩ ያስተናግዱሃል አለኝ። በደግነት ነው።"

"ለበሱ?"

"ለበስኩ እንጂ! ልጅ ነኝ፤ ፓይ አምሮኛል። እናቴ ለበዓል ብላ የከተተችልኝን ነጠላ አጣፍቼ ከኧርል ጋር ገባን። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ወንበር አሳየኝ። የንጉሥ ዘመድ ነህ ወይ አለኝ። ፓይና ቡና አቀረበልኝ። ኧርልን ግን ውጭ ጠብቅ አለው።"

"ዘን ዋት?" አለች ሳራ።

"ምን ከዚያ አለው! ባልንጀራዬ ውጭ ቆሞ እኔ ልጎርስ ነው? ሹካውን ሳላነሳ ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ አገሩን እስክለቅ ባንኮኒ ላይ አልተቀመጥኩም።"

ኩርፊያዬ ጠፋ፤ በምትኩ ንዴት መጣብኝ። እዚያው ወርጄ ወደ ቤቴ መመለስ አማረኝ።

"ታዲያ አሁን ምን ሊያደርጉ ይሄዳሉ?"

"ፓዩ ቀርቶብኛላ!" አሉኝ።

ዋይት ሲቲ

ከጣቢያው ወጥተን፣ ጉልበታቸውን እያሳረፍን፣ በካፊያ ውስጥ ምግብ ቤቱ ደረስን። እውነት ለመናገር ያምራል። ወለሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሳንቲም የሚጎርስ የሙዚቃ ሳጥን ጥግ ላይ ይዘፍናል፤ ወተትና አይስክሬም የተመታበት ረጅም ብርጭቆ ሁለት ፓውንድ ተኩል ነው፤ ዝርፊያ! ግድግዳው በፎቶግራፍ ተሞልቷል፦ ሽርጥ ያሰረች እናት ከማቀዝቀዣዋ ጋር፣ ከኋላዋ ክንፍ ያላትን መኪናውን የሚያጥብ አባት፣ ቴሌቪዥን ከበው የሚስቁ ልጆች።

ጋሽ ታደሰ አንድ በአንድ አዩአቸው።

"ውሸት አይደለም" አሉ። "በዕረፍት ጊዜ ያሳረፉኝ ቤተሰብ ማቀዝቀዣቸው ከእኔ ይረዝም ነበር። ቅዳሜ መኪና ያጥባሉ፤ ሣር ያጭዳሉ፤ ማታ እራታችንን ጭናችን ላይ አድርገን ቴሌቪዥን እናያለን። ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ኧርል ግን የትኛው ፎቶ ላይ ነው ያለው?"

ፈለግን። ከዳር እስከ ዳር አንድም ጥቁር ፊት አላገኘንም።

ሳራ ቀድማ ሄዳ ባንኮኒው ላይ ጉብ ብላለች። እኛ ስንጠጋ አንዲት ወጣት አስተናጋጅ እየሳቀች መንገዳችን ላይ ቆመች።

"ይቅርታ፣ ዛሬ ባንኮኒው የሃምሳዎቹን ልብስ ለለበሱ ብቻ ነው። ወጣቷ መቀመጥ ትችላለች። ለእናንተ ከኋላ ጥሩ ጠረጴዛ አለኝ።" ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ጎንበስ ብላ ደረቱ ላይ ትልቅ ፊደል የተሰፋበት የሚያብለጨልጭ ጃኬት አወጣች። "ወይም ይህን ደረብ ያድርጉና ይቀመጡ!"

ደሜ ፈላ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ዛሬም ልብስ ልበሱና ተቀመጡ!

"ጋሼ፣ እንሂድ" አልኩ። ሳራም ከወንበሯ ወረደች። "ኖ ዌይ። እናንተ ካልተቀመጣችሁ እኔም አልቀመጥም።"

"ተመለሺና ተቀመጪ" አሏት ጋሽ ታደሰ። "ያኔ እኔ ተነሳሁ። ዛሬ ማንም አይነሳም።"

ጃኬቱን በሥርዓት አጥፈው ለልጅቷ መለሱላት። እንግሊዝኛቸው ያኔ እንደተማሩት ነው፤ ቀስ ያለና ሙሉ።

"አመሰግናለሁ ልጄ። ግን የራሴን ልብስ ለብሻለሁ። እናንተ የለበሳችሁትን ዘመን እኔ ኖሬበታለሁ።"

ይህን ብለው ከሳራ ጎን ተቀመጡ። ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ። ልጅቷ ግራ ገባትና ሥራ አስኪያጁን ጠራችው፤ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ወፍራም ሰው መጣ።

"ጌታዬ፣ ደንቡ..."

"ደንቡን ሰምቻለሁ" አሉት። "ከፈለጋችሁ ተሸክማችሁ አውጡኝ። እኔ በእግሬ አልወጣም።"

የሙዚቃ ሳጥኑ መዝፈኑን ቀጠለ፤ በዙሪያችን የነበሩት ሰዎች ግን ወደ እኛ ዞሩ። ሰውዬው ጋሽ ታደሰን አየ፤ እኔን አየ፤ ክራባታቸውን አየ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩለትም። በመጨረሻ ትከሻውን ነቅንቆ ለልጅቷ "የሚፈልጉትን ስጫቸው" አላትና ሄደ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ጃኬቱን ባንኮኒው ሥር ወርውራ የምግብ ዝርዝሩን አመጣች።

ከእሳቸው ቀጥሎ ባለው ወንበር ልቀመጥ ስል ባርኔጣቸውን አውልቀው አስቀመጡበት።

"ሰው አለው" አሉኝ።

አልፌ ከዚያ ወዲያ ተቀመጥኩ። ሁለት ቡናና ሁለት ፓይ አዘዙ፤ አንዱን ባርኔጣው ፊት አስቀመጡት። እኔና ሳራም ያማረንን አዘዝን። ጋሽ ታደሰ በሹካቸው ቆርሰው ጎረሱ፤ አኘኩ፤ አሰቡ።

"እንዴት ነው?" አለች ሳራ።

"ስኳር በዝቶበታል" አሉና እስከ ፍርፋሪው ጨረሱት።

ምግብ ቤቱ እየሞላ መጣ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ ባርኔጣውን አየና ወንበሩ ነፃ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጋሽ ታደሰ ቀና ሳይሉ በፊት እኔ መለስኩለት።

"ሰው አለው።"

መልስ

ስንመለስ ሊፍቱ አልተሠራም። ጋሽ ታደሰ በየፎቁ እየቆሙ ወጡ። ሳራ ከፎቅ ፎቅ ስለ ኧርል ትጠይቃቸዋለች፤ ምን ያጠና ነበር፣ ይቀልድ ነበር ወይ፣ አሁን የት ነው። የመጨረሻውን አያውቁትም። ቤት ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልናገር። ሰውን ማክበር ማለት ነጠላ ተኩሶ መዘርጋት ይመስለኝ ነበር። መቼ እንደሚለብሰው ለባለቤቱ መተው እንዳለብኝ አላሰብኩም።

በማግሥቱ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ስንዘጋጅ ከክፍላቸው ተጠራሁ።

"ትናንት የተኮስሽው የት አለ?"

አመጣሁላቸው። እጀ ጠባቡን ለብሰው፣ ነጠላውን አጣፍተው፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ወርደው ባቡር ውስጥ መሐል ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ያሉት ሁሉ ዓይናቸውን ጣሉባቸው።

"ጋሼ፣ ሰው እያየዎት ነው" አልኳቸው በጆሯቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተመቻቹ።

"ይየኛ!"