ፀሐይ ያላየ አበባ

በክፍሉ ከሷ የቀጠነ አልነበረምና «መርፌ» አሏት፤ ስሙም ዕጣዋ ሆነ። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። በትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ስለ ወር አበባ እኩዮቿን የምታስተምር፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ መስፋት የምታሳይ እሷ ነበረች። ለስላሳው የፍላኔል ጨርቅ ከላይ፣ እርጥበት የማያሳልፈው የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ከታች፣ ክንፉ ላይ አንድ ቁልፍ። ሲሰፉ መርፌ ታዜማለች፤ የዴስክ ጓደኛዋ ሳቂታ ትቀበላለች።

ሳቂታ የመጀመሪያዋን ስትጨርስ ክንፎቹን ዘርግታ «እዩልኝ፣ እርግብ ወለድኩ!» ብላ ክበቡን በሳቅ ገደለችው። ከዚያ ጠየቀች።

«አጥበን የት እናስጣው?»

መርፌ ቀና አላለችም። ያሠለጠነቻት ነርስ «ፀሐይ ላይ» ብላ አስጽፋታለች፤ ደብተሯ ላይ አለ። የራሷን ግን አባቷ እንዳያይ ፍራሽ ስር ነው የምታደርቀው።

«ሰው በማያይበት» አለች፣ እንደ ቀልድ።

ሳቂታ አመነቻት። ሦስት ወር ሙሉ እሷም ፍራሽ ስር አደረቀች፤ ሳይደርቅ እያነሳች አደረገችው። ማሳከኩ ቁስል፣ ቁስሉ ትኩሳት ሆነ። አፍራ ደበቀች። ጤና ጣቢያ የደረሰችው በሰው ትከሻ ነው።

የፈተና ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው መርፌ የሳቂታን ቅጽ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። የሳቂታ እናት የሰው ልብስ አጣቢ ናት፤ እጇን ከአረፋው አላወጣችም።

«እትዬ፣ ይፈርሙላት። ነገ ይዘጋል።»

«መምህሯ አንቺ ነሽ? ያ ጨርቃችሁ ልጄን ሊበላት ነበር! ከእንግዲህ ከቤት አትወጣም።»

«ጨርቁ አይደለም እትዬ፣ እኔ ነኝ። ፀሐይ ላይ አስጡ በያቸው ተብዬ ነበር። አፈርኩ።»

«ያንቺ እፍረት በኔ ልጅ ገላ ይታጠብ?»

ግቢው ከዳር ዳር ገመድ ነው፤ የሰው አንሶላ፣ የማያውቁት ሰው የውስጥ ሱሪ ሳይቀር ፀሐይ ይሞቃል። መርፌ ከቦርሳዋ የራሷን ሞዴስ አወጣች፤ በሴትዮዋ ሳፋ አጠበችው፤ ገመዱ መሀል ሰቀለችው። ጎረቤት ዞሮ አየ።

እናቲቱ አንሶላ ጎትታ ሸፈነችው።

ከውስጥ፣ በሩ ፊት ካለው አልጋ፣ የሰለለ የሳቂታ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ጥላ አጠላሽበት።»

እናቲቱ አንሶላውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። ቅጹን ግን አልነካችም።

«መጀመሪያ መዳኗን ልይ» አለች። «ለፈተና ብዬ እሷን እንዳላጣ።»

በማግስቱ ምዝገባው ተዘጋ። ሳቂታ ዳነች፤ ወደ ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰችም።

ዛሬ መርፌ ስታስተምር ከመርፌና ክር በፊት ገመድ ታስይዛለች። ልጆቹ ይሽኮረመማሉ፤ ከግቢው መሀል፣ ከወንዶቹ ኳስ ሜዳ ፊት ለፊት፣ ወጥራ ታስራዋለች። ስትሰፋ አሁንም ታዜማለች፦

አበባ ነሽ ብለው ስም አውጥተው ሲሰጡኝ፣
ምነው ከፀሐዩ ሸሽገው አስቀመጡኝ።

ትጨርስና ከጎኗ ወዳለው ባዶ ወንበር ጆሮዋን ትጥላለች። የሚቀበላት የለም።