ፍትሐት የተደረገለት ሯጭ

ንጋት፣ ላምበረት

ሰማይና ምድሩ ሳይላቀቅ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ በተዘጋ ድምፁ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረ። ለምጄዋለሁ።

የማመሳከሪያ መጻሕፍት አዘጋጃለሁ። የመጀመሪያው ቅጽ ስለ ምልክቶች ፍቺ፣ ሁለተኛው ስለ ገዳማት ሥርዓት ነበር። ሦስተኛው የስፖርት ታሪክ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማተሚያ ቤት ይገባል። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶኛል። ታምሩ ይባላል፤ የሰሜን ሸዋ የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። በዘመኑ ዳገት ላይ የሚደርስበት አልነበረም ይላሉ። ከዚያ ሩጫውን ትቶ መነኮሰ። በሕይወት ያለን ሰው ያለ ፈቃዱ መጽሐፉ ውስጥ አናስገባም፤ ስለዚህ ፈቃዱን ልጠይቅ አንኮበር ድረስ መሄዴ ነው።

ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን

ከመኪናው ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። የከተማው ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይሄዳል። የታምሩ እህት እትዬ አስካለ የቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። ትከሻዬን ይዘው አስገቡኝና ቅቤ የጠጣ የገብስ ቅንጬ አቀረቡልኝ።

"ታምሩን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሁሉም ይወደው ነበር" አሉ።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። "ሞቱ እንዴ?"

"መነኮሰ። ሲመነኩስ ፍትሐት ተደረገለት። እኔም አልቅሼ እርሜን አወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አይቼውም አላውቅ። ብሄድስ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ስሙም ሌላ ሆኗል።"

ሰው ሲመነኩስ ለዓለም እንደ ሞተ ተቆጥሮ የሙታን ጸሎት እንደሚደረግለት በሁለተኛው ቅጽ ውስጥ ራሴ ጽፌዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ሁለት መስመር ነው። እኚህ ሴት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረውበታል።

ሲሸኙኝ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "ስሙ መጽሐፉ ላይ እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። ፎቶ እንኳ የለኝም። እንዲህ የሚባል ሰው ነበረ የሚል አንድ ነገር ይቅርልኝ። እንቢ ቢልህ ለምነው።"

እኩለ ቀን፣ ወደ ጎረቤላ

ገብስ፣ ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ ገብስ። ሜዳው የሚያልቅ አይመስልም። ከዚያ አንድ ኩርባ ዞርንና መሬቱ አለቀ። ጉሙ ከእግራችን ሥር ነው። በተቀደደበት በኩል ተራራ ከተራራ በታች ተደርድሮ ይታያል፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ቆላው በፀሐይ ይነጣል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እግዚአብሔር ይህን ሲሠራ ማንም ያያል ብሎ አልነበረም አልኩ በልቤ።

"ብዙ አትየው፣ ያዞርሃል" አለኝ ሾፌሩ።

"አንተስ አታየውም?"

"እኔ ካየሁት ማን ይነዳል?"

ከሰዓት፣ የገዳሙ ዳገት

ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ ወዲያ በእግር ነው። ጥዱን እየተደገፍኩ፣ እያለከለክሁ ስወጣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከኋላዬ መጡና አለፉኝ። ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ያ እርምጃ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ይፍቱኝ አባቴ" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይፍታህ። አረፍ በል፣ ልጄ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቆባቸው ፀሐይ የጨረሰው፣ ወገባቸው ላይ የታጠቁት ቅናት ያለቀ ጠፍር ነው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ታምሩ ፍትሐት ተደርጎለታል" አሉ በቀስታ። "የሞተ ሰው ፈቃድ አይሰጥም። ዘመዱን ጠይቅ።"

ለመንኳቸው። ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል፣ "ሌሎቹንስ ጽፈሃቸዋል?" አሉኝ።

"የትኞቹን፣ አባቴ?"

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ዓለምን የተዉት ሰው የዓለምን ሰዎች አንድ በአንድ እያነሱ ነገሩኝ። ዳገቱን ሁሉ እየመራ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ የሚከዳው የሰላ ድንጋይ ልጅ። የወደቀ ተፎካካሪውን ሊያነሳ ቆሞ ውድድሩ ያመለጠው የእነዋሪ ሯጭ። "እሱን ያወቀው የለም፤ ጻፈው" አሉኝ። ስንት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ተንከራትቼ ያላገኘሁት ታሪክ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ኖሯል። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩ።

"አንዲት ልጅ ነበረች" አሉ በመጨረሻ። "ታምሩ ሲሮጥ ጋቢውን ይዛ ዳገቱ ጫፍ ላይ ትጠብቀዋለች። ብርዱ ጥርሷን ቢያንገጫግጨውም አትለብሰውም፤ ሲደርስ እንዲሞቀው ብላ በጉያዋ ታቅፈዋለች። እሷ ባትኖር አይሮጥም ነበር። ስሟ አስካለ ነው። ጻፋት።"

"ደህና ናቸው፣ አባቴ" አልኩ።

ማንን እንደምል አልጠየቁኝም። "ተመስገን" ብለው ጀሪካናቸውን አነሱና ጉሙ ውስጥ ገቡ።

አመሻሽ፣ ደብረ ብርሃን

"ፈቀደ?" አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ገና ሳልቀመጥ።

"ዘመዱን ጠይቅ አሉኝ። ያለው ዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ሌላስ?"

የልጅቷን ታሪክ እንዳለ አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም።

"ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም" አሉ። "እሱና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።"

ስለ ታምሩ የጻፍኩትን ገጽ አውጥቼ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ጠረጉና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

"የሞተ ሰው እንዲህ አያስታውስም" አሉኝ። "ጻፈው። አለ ብለህ ጻፈው።"

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። የእሳቸውንም ስም ከነጋቢው ታሪክ ከሥሩ አደረግሁ፤ አልከለከሉኝም።