ዳገት ላይ የሚጠፋው ፒክአፕ

ንፋስ መውጫ ውስጥ መኪናው የታመመበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ጋሻውን ነው። ጋሻው ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፤ ናፍጣ ያነሰው ሞተር እንዴት እንደሚያስል፣ ባትሪው የደከመው እንዴት እንደሚያቃስት ለይቶ ያውቃል። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር እሱን ያሸነፈው አንድ መኪና ብቻ ነው፤ የቻላቸው አሮጌ ፒክአፕ። የሱ ነገር ሲነሳ ጋሻው ጨዋታ ይለውጣል።

የፒክአፑ አመል እንዲህ ነው። ሜዳውን ደህና ይሄድና ዳገት ሲጀምር ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ግማሽ ሰዓት አርፎ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ከሦስት ዓመት በፊት የቻላቸው ሚስት ትርሲት ምጥ ይዟት፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ወደ ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት ይዟት ሲወጣ መሃል ዳገት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠፋው እንዲሁ ነበር። መኪናው ሲነሳ ትርሲት አልነበረችም፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ፒክአፑ በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው ያማትባል፤ የምታስቆመው እሷ ናት ይላል። ጋሻው በአፉ ይስቅባቸዋል እንጂ በልቡ እሱም ይፈራ ነበር።

ያልሞከረው የለም። ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ፊውዙንም፣ ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ሽቦም ለወጠ። የናፍጣ ችግር ነው ብሎ ፊልትሮውን ቀየረ፣ ቧንቧውን ነፋ። ናፍጣው የሚጠራቀምበትን ሰልባትዮ ብቻ አላወረደም። ለምን ያወርደዋል? ትርሲት በሞተችበት ሳምንት፣ ከመሞቷ ቀደም ብሎ አውርዶ ያጠበውም፣ ናፍጣ የሞላውም ራሱ ነው። በገዛ እጁ ያጠበውን መጠርጠር ለጋሻው ውርደት ነበር።

ዘንድሮ ግን የሰልባትዮው ማሰሪያ ዝጎ ተቆረጠና ሳይወድ በግዱ አወረደው። ናፍጣውን ሲገለብጥ ውስጡ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ሽቦ ቆልምሞ ቢጎትተው የነጠላ ቁራጭ ወጣ። ጨርቁ ጠቁሯል፤ የጥለቱ አረንጓዴ ግን አለቀቀም። ጋሻው አወቀው። ናፍጣ በጀሪካን በሚገዛበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ቆሻሻ እንዳይገባ ብሎ ከሚስቱ ከማንአለሽ አሮጌ ነጠላ ቀዶ ያጠለለበት ነው። ገብቶ መቅረቱን አላየም። ሞተሩ ዳገት ላይ አጥብቆ ሲስብ ጨርቁ ሄዶ መምጠጫውን ይደፍናል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቀዋል። ጋኔንም የለ፣ ኤሌክትሪክም የለ።

ጨርቁን ቢያቃጥለው ማንም አያውቅበትም። ክብሪቱንም ከኪሱ አውጥቶ ነበር። ነገር ግን ቻላቸው ከጋራዡ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የሚወቅሰው ራሱን ነው፤ በማለዳ እንሂድ ስትለኝ የጫንኩትን ጤፍ ላራግፍ ብዬ አዘገየኋት፣ እግዜር ፈረደብኝ ይላል። በየወሩ እስከ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሩ እየሄደ ንስሐ አባቱ እግር ስር ይወድቃል። ጋሻው ክብሪቱን ወደ ኪሱ መለሰው።

ጨርቁን ይዞ ወጣና አንድ በአንድ ነገረው። ያስቀረበት ነገር የለም።

«ያስቆመህ ይኸ ነው፣ ቻላቸው» አለው። «ጤፉ አይደለም። ጨርቁ የኔ ነው።»

ቻላቸው ጨርቁን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው። አልተሳደበም፣ አላለቀሰም። «ግጠመውና አስነሳው» አለ።

ሰልባትዮው ተገጠመ። ሁለቱም ገብተው ያንን ዳገት እስከ ታች ወረዱና ዞረው ይወጡት ጀመር። ትርሲት የሞተችበት ቦታ ሲደርሱ ጋሻው እንደ ልማዱ ጆሮውን ሰጠ። ሞተሩ አንድም ጊዜ አላሳለም። ጋሻው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና እንዲጠፋለት፣ ጥፋቱም የጨርቁ እንዳይሆን አምላኩን ለመነ። አልጠፋም፤ ይዟቸው ወጣ።