ራቁቱን የቆመው ዛፍ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ «መርፌ» እያለ ነው የሚጠራት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ ነው። ብርድ ገብቶ ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ፣ እሷ እሑድ እሑድ ካሜራዋን አንግታ ወደ ገጠሩ መንገድ ትወጣለች።

«ቅጠል እያለ ምን ይታያል?» ትላለች የደንበኛ ወገብ እየለካች። «ዛፍ አጥንቱን የሚያሳየው በብርድ ነው። የወፉ ጎጆ፣ የሸረሪቱ ድር፣ ሁሉም ያኔ ይወጣል። ሆድህን አትሳብ እንጂ!»

ለዚህ ሥራ የራሷ ብልሃት አላት። ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም፣ መለዋወጫውን በጨርቅ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ታሞቀዋለች። ካሜራዋን የምታስደግፈው በሩዝ በሞላቻት ትንሽ ትራስ ነው፤ ትራሷ ድንጋይ ላይም አጥር ላይም እንደ ድመት ልክክ ትላለች። አመዳይ የለበሰ ሣር ስታነሳ ደግሞ ትንፋሿን ትውጣለች፤ አለዚያ ሙቀቷ አመዳዩን ያቀልጠዋል።

ጉዞዋ ሁልጊዜ የሚያበቃው በታላቅ ወንድሟ ማሳ ዳር፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ወንድሟ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቋ መጣና፣ ተንበርክካ ስትለካው፣ «ቅዳሜ ያንን ዛፍ ልቆርጠው ነው» አላት።

መርፌ ደንግጣ የያዘችውን ስፒል ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰካችው።

«ኧረ እግሬን!»

«ዛፉ ምን አደረገህ፣ ጋሼ?»

«ሞቷላ! ቅርንጫፉ መንገደኛ ላይ ከሚወድቅ ማገዶ ላድርገው።»

«ልብሱን ስላወለቀ ሞተ ይባላል? አንተስ ስትታጠብ ሬሳ ነህ?»

«በሕይወት መኖሩን አሳዪኝና እተወዋለሁ።»

በማግስቱ ማለዳ ዛፉ ሥር ነበረች። ነፋሱ ቅርንጫፉን እያወዛወዘ ፎቶዋን አደበዘዘባት። በልብስ መቆንጠጫ ከዱላ ጋር ስታያይዘው ግን፣ ፀሐይ ያረፈችበት ጎን ላይ ያለው እምቡጥ ወለል ብሎ ወጣላት፦ የስንዴ ቅንጣት የሚያክል፣ በቡናማ ቅርፊት የተጠቀለለ። የሚመጣው ቅጠል እዚያ ውስጥ እጥፍጥፍ ብሎ ተኝቷል! ፎቶውን እየሮጠች ለወንድሟ ወሰደችለት።

«ይሄማ የኮት ቁልፍ ነው» አለ። «ከመሳቢያሽ ያወጣሽው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ በራስህ ዓይን ታያለህ።»

ቅዳሜ እሱ መጋዙን፣ እሷ ካሜራዋን ይዘው ሄዱ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀችለት፤ እሱም ፀሐያማውን ጎን አየበት። «አሃ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ በመንገዱ በኩል ዞረና ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ጠቆመ።

«እዚህ ጋ ያለውስ?»

መርፌ ሄዳ ቅርንጫፉን በጥፍሯ ፋቀችው። በሕይወት ያለ ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው፤ ይሄ ግን ቡናማ ነበር። እምቡጡም ጣቷ ላይ ተፈረፈረ። ለካ እሷ ሁልጊዜ ብርሃን ያማረበት ጎን ብቻ ቆማ ስታነሳ ኖራለች! እሱም በመንገዱ ሲመላለስ ያየው የሞተውን ጎን ብቻ ነው።

«እንግዲህ» አለ መጋዙን አስተካክሎ።

መርፌ ግን እጇን ኪሷ ከታ ልብስ የምታሰምርበትን ጠመኔ አወጣች። «ክርኑ ላለቀ ኮት፣ ኮቱን በሙሉ የሚጥል አለ?» ድንጋይ ላይ ወጥታ ከጫፉ ወደ ግንዱ እየፋቀች መጣችና፣ አረንጓዴው ብቅ ያለበት ላይ መስመር አሰመረች። «እስከዚህ ያንተ። ከዚህ ወዲህ የዛፉ።»

«በልክ ነው እንዴ የምታስቆርጪኝ?»

«ከመስመር ውጣና ሱሪህ ቁምጣ ይሆናል!»

እየሳቀ ቆረጠው። ደረቁ ቅርንጫፍ ጓ ብሎ ወደቀና ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ውስጥ ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ክምችት ብለው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደጋግፈው ተኝተዋል። ብርዱን የሚያሳልፉት እንዲህ ነው።

ወንድሟ ቁጢጥ አለ። «ይቺ ማገዶ አትሆንም» አለ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ግንዲላዋን በሁለት እጁ አንስቶ፣ ስንጥቋን ከነፋስ አዙሮ ዛፉ ሥር አስደገፋት። መርፌ ካሜራዋን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

«ቆይ እስቲ» አላት፣ በሆዱ እየተኛ። «ከወዲያኛው ጎንም ልያቸው።»